ማኅበር ያለው ፈረስ፣ ማኅበር የሌለው ገና

ከባሕር ዳር ተነሥቶ መራዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን አልፎ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራን ሰንጥቆ ያልፋል። ነባሮቹ ኮሶበር የሚሏት ይህች የአዊ ደጋ ከተማ ከዓመት እስከ ዓመት ዝናብና ብርድ የማያጣት፣ የድንችና የገብስ አገር ናት። ጥር 23 ቀን ግን መኪና ማሳለፍ ያቅታታል። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድ ገጠር ሌሊት የተነሡ ፈረሰኞች ኮርቻቸውን በቀለመ ብዙ ግላስ አልብሰው፣ ልጓሙንና እርካቡን አሣምረው፣ በየጎጣቸው ተሰልፈው ይገባሉ። ከመራዊ ወገን የሚመጣ ተመልካችም፣ ከቡሬ የሚወጣም አይጠፋም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው።

ሜዳው ላይ ግልቢያም ሶምሶማም ይታያል። ሕዝቡን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ግን ጉግስ ነው። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማል። ከአንዱ ወገን አንዱ ብድግ ብሎ ወደ ባላጋራው ሰልፍ ይጋልብና ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል። ያኔ ከወዲያኛው ሰልፍ የወጣው ዘንጉን ይዞ ይከተለዋል። የሚሸሸው ሰው ጥበብ በሽሽቱ ፍጥነት ብቻ አይለካም። ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ፣ አንዳንዴም ከኮርቻው በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ የፈረሱን አካል ከለላ አድርጎ፣ የተወረወረውን ዘንግ ማምከን አለበት። ዘንጉ ከሳተ አሳዳጁ ያፍራል። ካገኘ ደግሞ የተመታው ወገን ሳይውል ሳያድር ብድሩን ለመመለስ ሌላ ሰው ያወጣል። ዘንጉ እንጂ ጦር አይወረወርም። ነገር ግን ጨዋታው የጦርነት ልምምድ መሆኑን ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አያሻም።

ማኅበሩ ልደቱን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰማንያኛ ዓመቱን አክብሯል። ይህን ዕድሜ ከሌሎች የአገራችን የስፖርት ድርጅቶች ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። በአራዳ ሰፈር ልጆች የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1935 ዓ.ም.። ስለዚህ የፈረሰኞቹ ማኅበር የአገሪቱን አንጋፋ ክለብ በአራት ዓመት ብቻ ተከትሎ፣ ፌዴሬሽኑን በሦስት ዓመት ቀድሞ የተወለደ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግን ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ወጣ ብለው ይህን ሲጠቅሱ እምብዛም አይታይም። ኳስ የለውምና ስፖርት አልመሰላቸው ይሆናል።

የማኅበሩ መነሻ ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ ጊዮርጊስ በተደረገው ጦርነት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር ከተሰለፉት አንዱ ነበር፤ የአገው ፈረሰኛም ከዚያ ጋር ዘምቷል። ፈረሱ ለዋለው ውለታ መታሰቢያ ይሁን ተብሎ ማኅበሩ እንደተቋቋመ አባላቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ታሪክ ነው። ቀኑም የጊዮርጊስ ሆነ። ወሩ ግን ጥር እንጂ የካቲት አይደለም፤ ጥር ደግሞ እህሉ ጎተራ የገባበት፣ ጥምቀት ያለፈበት፣ ሰርግ በሰርግ የሚሆንበት፣ ገበሬውም ፈረሱም እፎይ የሚሉበት ወር ነው። ለበዓል ከዚህ የተመቸ ወር ከየት ይገኛል?

የሚገርመው ዓመቱ ነው። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም በጣልያን እጅ ነበረች። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ተቀምጦ ጣናንና ዐባይን ይለካባት በነበረችው ዳንግላ የጣልያን ጦር ሰፍሮ ነበር፤ ቡሬም እንዲሁ። ከከተሞቹ ወጣ ሲሉ ገጠሩ የአርበኛ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ገባና ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ። በተከታዩ ጥር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርም በበላያ አድርጎ እንጅባራ ደረሰ፤ በየካቲት ማብቂያ ቡሬ ተለቀቀች። እንግዲህ ጠላት መንገዱን ይዞ በተቀመጠበት ዓመት የዓድዋን ድል ለማስታወስ ፈረሰኛ መሰብሰብ ምን ትርጉም እንደነበረው መገመት አይከብድም። በዓል ነው ቢሉት በዓል ነው፤ ጦር መቁጠር ነው ቢሉትም ያስኬዳል።

ማኅበሩ የቆመበት ሌላው ምሰሶ ከፈረሱም የቆየ ነው። አገው ራሱን ሰባት ቤት ብሎ ይጠራል፦ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዝገም፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ጫራ፣ መተከል። ከላስታ የወረዱ ሰባት ወንድማማቾች ልጆች ነን የሚለው ትውፊት የትውልድ ሐረግ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከርም ይወስናል። ሌላ አገር ሊግ ሲያቋቁም ከተሞችን አሰባስቦ፣ ቡድን አቋቁሞ፣ ደጋፊ እስኪያፈራ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ቡድኑም ደጋፊውም ፉክክሩም አስቀድሞ ነበረ፤ የጎደለው የሚገናኙበት ቀን ነበር። ማኅበሩ የሰጠው እሱን ነው። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይናገራል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ሴቶች በኮርቻ ላይ ይታያሉ።

ፈረሰኛነቱ ከበዓሉ ቀን ውጪም ሥራ አለው። በአዊ ሙሽራ የሚታጀበው በፈረስ ነው፤ የታወቀ ሰው ሲሞትም ለቅሶው ላይ ፈረስ ይታያል። በደጋው ቀበሌ በሬ ባጣ ማሳ ላይ ፈረስ ይጠመዳል። ፈረስ ያለው ሰው ንብረት ያለው ሰው ነው፤ ንብረት ያለው ሰው ደግሞ መዋጮ ይከፍላል፣ ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይመርጣል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማኅበር የሚጸናው በእንዲህ ያለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጨዋታ እንምጣ። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከፈረስ ጉግስ ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው የተጫወተው ገና ነው። ፈረስ የሌለው ድሃም፣ እረኛም፣ የቆሎ ተማሪም ተጫውቶታል። ማኅበር ግን ኖሮት አያውቅም።

ለጨዋታው የሚያስፈልገው ጫፉ የጎበጠ ዱላና አንዲት ሩር ብቻ ነው። ዱላው ራሱ ገና ይባላል። ጎበዝ ልጅ ኅዳር ሳይወጣ ጀምሮ ዓይኑን ዛፍ ላይ ይጥላል፤ ከግንዱ ተፈጥሮ ያጎበጠችው የወይራ ቅርንጫፍ ከተገኘች እሰየው። ካልተገኘችም እርጥቧን ቆርጦ፣ በእሳት ለብ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ቆልምሞ፣ እንዳትመለስ አስሮ ያደርቃታል። ልጣጩን ይልጣል፤ መያዣው ላይ አንጓ እንዳይቀር በቢላዋ ያስተካክላል። ሩሯ ከእንጨት ሥር ተጠርባ ትድበለበላለች፣ ወይም ከጠፍር ትሠራለች፤ በብዙ ቦታ ጥንግ ይሏታል። የእንጨቷ ቁርጭምጭሚት ላይ ካረፈች ሰውየው ለሳምንት ያነክሳል።

ወቅቱ ታኅሣሥ ነው። አጨዳው እየተገባደደ፣ ማሳው እየተራቆተ፣ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። በየእሑዱና በየበዓሉ ከቅዳሴ መልስ ልምምዱ ይጀመርና ታኅሣሥ 29 ቀን ዋናው ይመጣል። ክፍፍሉ የላይ ቤትና የታች ቤት ነው፣ ወይም ያገባና ያላገባ፣ ወይም አጥቢያ ከአጥቢያ። የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም፤ ዘግይቶ የመጣ ወደ ወገኑ ይገባል። ሜዳውም ዳር የለው፤ ሩሯ ወንዝ ከተሻገረች ተጫዋቹም ይሻገራል። ከባላጋራ ድንበር ማሳለፍ ነው ግቡ። የሚዳኘው ሽማግሌ ነው፣ ሰዓቱን የሚጠብቀው ፀሐይዋ። ለተፈነከተ ካሳ አይጠየቅም፤ በዚያ ቀን ባለርስቱም ጭሰኛውም እኩል ይገፋፋሉ፤ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሞልጨው ጌታ ቢሰደብ እንኳ መቆጣት ነውር ነው። ትውፊቱ የጨዋታውን መነሻ የክርስቶስን ልደት ሰምተው በደስታ ዱላቸውን ይዘው ከጨፈሩት እረኞች ጋር ያያይዘዋል።

ዕድሜው ረጅም ለመሆኑ የውጭ ሰው ምስክርም አለ። በ1802 ዓ.ም. ትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የከረመው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሳልት በጎበጠ ዱላ የሚጫወቱትን፣ መንደር ከመንደር የሚጋጠሙበትን ይህን ዓይነት ጨዋታ አይቶ ከአገሩ የሆኪ ጨዋታ ጋር አመሳስሎታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በራስ ኃይሉ ዘመን ጎጃም መጥቶ ከርሞ፣ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። የእኛ ሰዎች ሲጫወቱ፣ ፈረንጅ ሲጽፍ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ከአሜሪካ ቤዝቦል ጎን ማስቀመጥ ነገሩን ያጠራዋል፤ ቤዝቦልም መነሻው የመንደር ዱላና ኳስ ነውና። እሱም በየሰፈሩ በየራሱ ሕግ፣ ቁጥሩ ባልታወቀ ተጫዋች ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ኒከርቦከር የተባለው የኒውዮርክ ክለብ ሕጉን በወረቀት ጻፈ። በ1876 ብሔራዊው ሊግ ተቋቋመ። በ1901 ደግሞ ትልቁ ሊግ ውስጥ ያልገቡት የትንንሽ ከተሞች ሊጎች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የአሜሪካ የታችኛው ሊግ በአንድ ማኅበር የተደራጀ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ስማቸው ከከተማቸው ውጪ የማይታወቅ፣ ጎበዝ ተጫዋች ሲያፈሩ ትልልቆቹ የሚወስዱባቸው፣ ግን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚደገፉ ቡድኖች።

ከእነዚህ አንዱ የሮቸስተር ከተማ ቡድን ነው። ሬድ ዊንግስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ባለቤቱ የሆነው ትልቁ የሴንት ሉዊስ ክለብ አልፈልገውም ብሎ ሊተወው ሲል የከተማዋ ሰዎች አክሲዮን አውጥተው፣ ከ8,000 በላይ ነዋሪዎች ገዝተው፣ ቡድኑን የራሳቸው አደረጉት። ይኸው ቡድን በ1981 ከፖታኬት ጋር ያደረገው ጨዋታ ዘጠኝ ዙር የሚፈጀው ሠላሳ ሦስት ዙር ፈጅቶ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ተቋርጦ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተቀጥሎ ሮቸስተር 3 ለ 2 ተሸንፏል። ሲቋረጥ ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ነበሩ። የገና ተጫዋቹ ይህን ቢሰማ ብዙም አይደነቅም፤ የእሱም ጨዋታ የሚያልቀው ሲመሽ ነው። ልዩነቱ የሮቸስተሩ ተመዝግቦ መቅረቱ ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወንዝ ተሻግሮ የዋለ ስንት ገና ይኖራል? ማን አሸነፈ ቢባል የሚያስታውሰው የሟቾቹ ትውልድ ነው።

እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉት ሁለቱ ጨዋታዎች ዕጣቸው የተለያየበት ምክንያት እዚህ ላይ ይመስላል። የአገው ፈረሰኛና የሮቸስተር ባለአክሲዮን የሚመሳሰሉት ሁለቱም ንብረት ያዋጡ በመሆናቸው ነው። የገና ተጫዋች የሚያዋጣው ነገር የለውም። ዱላው ከጫካ፣ ሜዳው ከጎረቤት፣ ዳኛው ከደጀ ሰላም በነጻ ይገኛል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ማገዶ ይሆናል። ገንዘብ ካልተሰበሰበ ገንዘብ ያዥ አይመረጥም፤ ገንዘብ ያዥ ከሌለ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ ቃለ ጉባኤ የለም። ቤተ ክርስቲያንም ቀኑን ሰጠች እንጂ ጨዋታውን አልመዘገበችም። ነፃነቱ ነበር ውበቱ፤ ያለ ጠባቂ ያስቀረውም እሱው ነው።

መንግሥት በኋላ ይህን ክፍተት ሊሞላ ሞክሯል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስ፣ ከፈረስ ሸርጥ፣ ከኩርቦ፣ ከሻህ፣ ከቡብ፣ ከሁሩቤና ከቀስት ጋር ሕግ አውጥቶለት ክልሎችን ያወዳድርበታል፤ ጃንሜዳም ላይ በበዓሉ ሰሞን ይታያል። የተለካ ሜዳ፣ የተቆጠረ ተጫዋች፣ ፊሽካ የያዘ ዳኛ፣ ማልያ። ጥረቱ አይናቅም። ነገር ግን ክልል ወክሎ በማልያ የሚጫወተው ወጣት የሚገጥመው የማያውቀውን ሰው ነው። የታች ቤት ልጅ የላይ ቤቱን አማቹን ቁርጭምጭሚት ሲመታ የነበረው ጣዕም በክልል ውድድር አይገኝም። ጉግስም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ግን የአዊ ፈረሰኛ ወደ ፌዴሬሽኑ ውድድር ባይጠሩት እንኳ ከጥር 23 አይቀርም።

በምዕራብ ጎጃም ገናን ክፉኛ የተፎካከረው ግን ፌዴሬሽኑ አይደለም፤ እግር ኳስ ነው። ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ ኳስ አብሮ ገባ። ኳስ እንደ ገና ታኅሣሥን አይጠብቅም። ከፍ ሲልም መሰላል አለው፦ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ፕሪሚየር ሊግ። ለመራዊ ልጅ ይህ መሰላል የሩቅ ተስፋ አልነበረም፤ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባሕር ዳር የራሷን ከነማ ለዓመታት በታችኛው ሊግ ስታጫውት ኖራ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገች። «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ይህ ቡድን ያደገ ሰሞን የጎጃም መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ የጎንደር ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚህ በኋላ ዱላ ቆልምሞ ታኅሣሥን የሚጠብቅ ልጅ ማግኘት ቢያስቸግር አይገርምም።

ሜዳውም ራሱ ተለውጧል። ይህ ከእግር ኳሱ ያላነሰ ምክንያት ሆኖ ሳለ ብዙ አይነሣም። በመራዊ ዙሪያ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ድሮ ከአጨዳ በኋላ ለከብትና ለልጅ ተለቆ የሚከርመው መሬት አሁን በታኅሣሥ ውኃ እየጠጣ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያበቅላል። የቀረውን ዳር ባሕር ዛፍ ይዞታል። ገበሬው በዓመት ሁለቴ አመረተ፤ ይህ በጎ ነው፣ ማንም አያማርርበትም። ዳር የሌለው ሜዳ ግን ያኔ ቀረ። የሰው ስንዴ ውስጥ ሩር ተከትሎ የሚገባ ወጣት ካሳ አይጠየቅም የሚለውን የአባቶች ሕግ ቢጠቅስ የሚሰማው የለም።

በፈረሰኞቹም ላይ ይኸው ነገር ከሌላ አቅጣጫ መጥቶባቸዋል። ከእንጅባራ ወጣ ሲሉ በፋግታ ለኮማ ኮረብታዎች ላይ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ከዳር እስከ ዳር ተክሏል። ዛፉ በአምስት በስድስት ዓመት ይደርሳል፤ ከስሎ ለአዲስ አበባ ገበያ ሳይቀር ይጫናል፤ የአሲዳማውን አፈር ለምነት ይመልሳል ተብሎም ይወደሳል። ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራበት ገንዘብ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ዲከረንስ የተተከለበት ቦታ ለግጦሽ አይተርፍም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም አወከ። ማኅበሩ ለብዙ ዘመን አባላቱን ሲሰበስብ መሬቱ የሣር ነበር፤ ሣሩን የሚበላው ፈረስም ከደጅ አይጠፋም ነበር። አሁን አባሉ ፈረሱን የሚያቆየው ገለባ ገዝቶ ወይም ከደኑ መሐል ድርቆሽ አጭዶ ነው፤ ፈረሱም ቀለቡን የሚያስገኘው ጋሪ እየጎተተና ጭነት እየተሸከመ ነው፤ ጥር 22 ማታ ጭነቱ ይወርድለትና ግላሱ ከሳጥን ይወጣል።